ከግዢው ቀለቡ

(በተማሪዎች ማኅበር የዐርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



 ንግግሩን የሚያነበው አንድ ሰው ይሁን እንጂ ያዘጋጀነው አምስት ሆነን ነው። ስለዚህ «እኛ» እያልን ስንናገር ማዕርግ ፈልገን እንዳይመስላችሁ፤ በእርግጥም አምስት ነን። የምታገኙብንም ስሕተት ለአምስት ይካፈላል።

የመረጥነው ጉዳይ የመኪና ጉዳይ ነው። ምናልባት «በእግሩ ከካፌ ወደ ክፍል የሚመላለስ ተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ክርክሩ የተጀመረው ግን በእኛው ዶርም ውስጥ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ፥ ተመርቀን ደመወዝ ስንይዝ በመጀመሪያ ምን እንደምናደርግ እንጨዋወት ነበር። አንዱ እናቱን እንደሚያሳክም፥ ሌላው ከዘመድ ቤት ወጥቶ የራሱን ክፍል እንደሚከራይ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ መኪና ዞረ፤ እስከ እኩለ ሌሊትም ከዚያው አልተመለሰም። ከእኛ ግማሾቹ «መኪና ከተባለ ላንድክሩዘር ነው፤ ሰው የሚከበረው ከምን እንደ ወረደ ታይቶ ነው» አሉ። የቀሩት ደግሞ «ቪትዝ ምን ጎድሎአት! እርሷም አራት ጎማ አላት፤ እርሷም ታደርሳለች» ብለው ተከራከሩ። ነገሩ በአፍ ስላልተፈታ በእርሳስና በወረቀት ልንመረምረው ተስማማን። ጋራዥ ሄደን ጠየቅን፤ ታክሲ ነጂዎችን አነጋገርን፤ የየቤተሰባችንንም ታሪክ አወጣን። እነሆ ዛሬ የምናቀርብላችሁ የዚያን ምርመራ ውጤት ነው። አንድ ነገር ግን በቅድሚያ እንናዘዝ፤ ሒሳቡ ተደምሮ ሲያልቅ ከሁለቱ ተከራካሪ ወገኖች ያሸነፈ አልተገኘም።

ነገሩን ከጥንቱ እንጀምር። መኪና ወደ አገራችን የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በብዙ ድካም አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያመጣት ናት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የክብር መጓጓዣ በቅሎ ነበረች። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ዋጋዋን ብቻ ጠይቀው አይመለሱም ነበር። ገብሱ ከየት ይመጣል? ድርቆሹን ማን ያጭዳል? ማንስ ይጠብቃታል? ብለው ያስባሉ። ቀለቧን የማይችል ሰው በቅሎዋን ቢገዛ ዕዳው ወዲያው ይታወቅበታል፤ በቅሎዋ ትከሳለች፥ ጎረቤትም አይቶ ይታዘበዋል። መኪና ግን አትከሳም። ቀለብ አጥታ በግቢ ብትቆምም ቀለሟ እንዳማረ ነው። ስለዚህ የዛሬ ሰው የመኪናን ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀለቧን ግን ይረሳል። የእኛም ንግግር ስለዚሁ ስለ ተረሳው ቀለብ ነው።

የመኪና ቀለብ በአራት ይከፈላል። እነርሱም ነዳጅ፥ ጥገና፥ ግብርና መድን፥ በመጨረሻም ማንም ሰው የማይቈጥረው፥ በመኪናው ውስጥ ታስሮ የሚቀመጠው ገንዘብ ናቸው። በየተራ እንያቸው።

ከነዳጅ እንነሣ። ለንጽጽር እንዲመቸን ሁለት የታወቁ መኪኖችን መርጠናል። አንዷ እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው ቶዮታ ቪትዝ ናት። በአገራችን የበዛችው ዓይነት ሞተሯ አንድ ሊትር ያህል ነው፤ ክብደቷም አንድ ቶን አይሞላም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር ነው፤ ክብደቱ ከሁለት ቶን ተኩል ያልፋል። እንግዲህ ሰባ ኪሎ የሚመዝነውን አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ወደ ቢሮው ለማድረስ ከሁለት ሺሕ አምስት መቶ ኪሎ በላይ ብረት አብሮት ይጓዛል ማለት ነው። በከተማ መንገድ ደግሞ መኪና ይነሣል፥ ይቆማል፤ እንደ ገና ይነሣል። ነጂው ፍሬን በያዘ ቍጥር ያን ክብደት ለማንቀሳቀስ የፈሰሰው ኃይል በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የከበደው መኪና የበለጠ ያጠፋል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ስለ ሆነ በአነዳድ ጥበብ ጥቂት ይቀነስ ይሆናል እንጂ አይሻርም።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንግባ። አንድ ሠራተኛ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር፥ ማለት በቀን 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል እንበል። ትንሿ መኪና በከተማ ግፊያ ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፥ ትልቁ 15 ሊትር ይፈጃሉ እንበል። በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ፤ ናፍጣውም ወደዚያው ተጠግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህም ጨምሮአል። እኛ ግን ሒሳቡ እንዲቀል በ100 ብር እንያዘው። ትንሿ በወር 70 ሊትር፥ ማለት 7,000 ብር ትበላለች። ትልቁ 150 ሊትር፥ ማለት 15,000 ብር ይበላል። ልዩነቱ በወር 8,000፥ በዓመት 96,000፥ በአምስት ዓመት 480,000 ብር ይሆናል። ይህ ሁሉ ነዳጅ ብቻ ነው፤ ገና ዘይት አልተቀየረም።

ሁለተኛው ቀለብ ጥገና ነው። ዘይት ስንቀይር ትንሿ ከአራት ሊትር የማይበልጥ ስትፈልግ ስምንት ሲሊንደሩ የናፍጣ ሞተር ከዘጠኝ ሊትር በላይ ይጠጣል። ጎማ ስንቀይር የትንሿ ቸርኬ 13 ወይም 14 ኢንች፥ የትልቁ 17 ወይም 18 ኢንች ነው፤ በጎማ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ የእነዚህን ኢንቾች ትርጉም ያውቀዋል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን አንድ የጋራዥ ሠራተኛ የነገረን ነገር ነው። «ትልቅ መኪና ሲያረጅ የሚረክሰው መኪናው ብቻ ነው፤ መለዋወጫው አያረጅም» አለን። ይህን ንግግር ብዙ ቀን ስናስበው ቆየን። አንድ ሰው አዲሱን መግዛት ስላልቻለ አሮጌውን ትልቅ መኪና በቅናሽ ይገዛል። ዋጋው እንደ እርሱ ዐቅም ወርዶለታል፤ ካምቢዮው ሲሰበር ግን ባለሱቁ የሚጠይቀው መኪናው አዲስ ሳለ ሊገዛው ይችል የነበረውን ባለጸጋ ያህል ነው።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከአምስታችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሐንዲስነት ተመርቆ በደኅና ደመወዝ ሥራ ያዘ። ዕቁብ ገባ፤ ዕጣው በቶሎ ስለ ወጣለትም በዚያ ላይ ከዘመድ ተበድሮ አንድ አሮጌ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ገዛ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየለት፤ እናቱም እልል አሉ። ለስድስት ወር ያህልም ነዳው። ከዚያ ካምቢዮው ተበላሸ። የሚጠግንበት ገንዘብ የዕቁቡና የብድሩ ዕዳ ሆኖ አለቀ። እነሆ መኪናው እስከ ዛሬ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሞአል። ወንድማችን በሚኒባስ ተጋፍቶ ሥራ ይሄዳል፤ እናቱም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት እንደ ቀድሞው በእግራቸው ነው። አንድ ቀን ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ሸራውን አይተው፥ «ልጄ፥ ይህ ጌታ ታሞ ነው ወይስ ሱባኤ ገብቶ ነው? እንዲያው መቼ ነው የሚወጣው?» አሉት ይባላል። ወንድማችን ይህን ሲነግረን ሳቀ፤ ሳቁ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። ታሪኩን እንድንናገር የፈቀደልንም እርሱ ነው፤ ስሜን ብቻ አትጥሩ ብሎናል። አባቶች ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሦስተኛው ቀለብ ግብርና መድን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መኪኖችን በሞተራቸው መጠን ለይቶአቸዋል። ሞተራቸው ከ1,300 ሲሲ ለማይበልጥ አዳዲስ መኪኖች 5 በመቶ፥ ከ1,800 ሲሲ ለሚበልጡት 100 በመቶ ወሰነ፤ ባገለገሉት ላይ ደግሞ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሱ እየከበደ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው ይህን መንግሥት ገንዘብ ለመሰብሰብ ያደረገው ነው ብሎ ይተወዋል። እኛ ግን በውስጡ አንድ ምክር አየንበት፤ ይኸውም ትንሽና አዲስ ያዙ የሚል ነው። ከዚህ ሌላ የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ የዓመቱም ምርመራና ቦሎ አለ። ሙሉ መድን የሚገባ ሰው ደግሞ የሚከፍለው አርቦን በመኪናው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ስለሚሰላ፥ የከበረ መኪና የያዘ በየዓመቱ የክብሩን ያህል ይከፍላል።

አራተኛው ቀለብ ታስሮ የሚቀመጠው ገንዘብ ነው። በሁለቱ መኪኖች መካከል የ3 ሚሊዮን ብር የዋጋ ልዩነት አለ እንበል፤ ገበያውን የሚያውቅ አበዛችሁ አይለንም። ይህን ገንዘብ በ2010 ዓ.ም. በተወሰነው ዝቅተኛ የቍጠባ ወለድ፥ በ7 በመቶ፥ ባንክ ብናስቀምጠው በዓመት 210,000፥ በወር 17,500 ብር ያስገኝ ነበር። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች «ወለዱ የኑሮ ውድነቱን አይደርስበትም» ብለው እንደሚነሡብን እናውቃለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ለባንክ ተቃውሞ ነው እንጂ ለትልቅ መኪና ድጋፍ አይሆንም። ገንዘቡ ወፍጮ ቢተከልበት፥ ሱቅ ቢከፈትበት፥ ጎጆ ቢቀለስበት ከዚህ የበለጠ ያፈራ ነበር። እንግዲህ የነዳጁን ልዩነት 8,000 ብርና ይህን 17,500 ብር ብንደምር 25,500 ብር በየወሩ ይሆናል። ጥገናውንና መድኑን ገና አልነካንም። ትልቁን በትንሿ ፈንታ የያዘ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል በየወሩ ይከፍላል፤ ደረሰኝ ስለማይሰጠው ግን መክፈሉን አያውቅም።

አሁን ለተቃዋሚዎቻችን ቦታ እንስጥ። ሦስት ጠንካራ ክርክሮች ቀርበውብናል።

የመጀመሪያው «መኪና በአገራችን ሀብት ነው፤ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» የሚለው ነው። በአሜሪካ አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ታክሱና የውጭ ምንዛሬ እጥረቱ ያገለገለውን መኪና ሲያስወድዱት ኖረዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ባለ መኪናዎችም ሀብታቸው በአንድ ሌሊት ያደገ መሰላቸው። ነገር ግን እናስተውል። መኪናው አላደገም፤ መለኪያው ብር ነው ያጠረው። የሸጠ ሰው ሌላ ለመግዛት ቢሻ በዚያው በናረው ዋጋ ይገዛል። በመካከል የተበላው ነዳጅና ጎማም ተመልሶ አይመጣለትም። ደግሞም ይህ ክርክር ለትንሿም እኩል ይሠራል፤ እርሷም ተወዳለች።

ሁለተኛው ክርክር የጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። አንድ ሊትሯ መኪና አምስት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ ስትወጣ የምታሰማው ልቅሶ ከዚህ የመጣ ነው። ጭቃና ድንጋይ ባለበት የገጠር መንገድ ደግሞ ጭራሽ አትሞከርም። ይህን ክርክር ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን። ላንድክሩዘር ክፉ መኪና ነው አላልንም። በየወረዳው አምቡላንስ ሆኖ ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ከጭቃ ውስጥ የሚያወጣ እርሱ ነው፤ በዚያ ቦታ ለእያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ምስጋና ይገባዋል። የእኛ ጥያቄ፥ ያው ለወንዝና ለገደል የተሠራ ማሽን ቦሌ ካፌ በር ላይ ቆሞ ማኪያቶ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? የሚል ነው።

ሦስተኛው ክርክር «ርካሽ ነገር ራሱ ውድ ነው» የሚለው ነው። ይህም ከቤታችን ምስክር አለው። ከእኛ የአንዱ አጎት፥ ጡረታ የወጡ መምህር፥ ባጠራቀሙት ጥቂት ብር በገበያው ላይ ከተገኘው ሁሉ የረከሰች አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ገዙ። ራዲያተሯ ይፈላል፤ ሲጠገን ፍሪሲዮኗ ይሸራተታል፤ እርሱ ሲቀየር ሌላ ይመጣል። ጋራዥ ያሳለፏት ቀን በመንገድ ካዋሏት ቀን በለጠ። ስለዚህ ርካሽና ቈጣቢ አንድ አለመሆናቸውን ከእርሳቸው ተማርን። ርካሽ የሚባለው በግዢ ቀን የሚታይ ነው፤ ቈጣቢ የሚባለው ግን በዓመቱ መጨረሻ፥ ወጪው ሁሉ ተደምሮ ለተነዳው ኪሎ ሜትር ሲካፈል የሚታወቅ ነው። ትንሿን መኪና ስንደግፍ የኖርነውን ሁለቱን ጓደኞቻችንን ይህ ነገር አንገታቸውን አስደፍቶአቸዋል፤ ትንሽ መሆን ብቻውን እንደማያድን ዐውቀዋልና።

ከእነዚህ ሁሉ ክርክሮች በታች ግን አንድ ያልተነገረ አለ፤ እርሱም የክብር ነገር ነው። ሐቁን እንነጋገር። ላንድክሩዘር የተመኘነው ገደል ልንሻገርበት አይደለም፤ በረኛው በሩን ቶሎ እንዲከፍትልን፥ የሙሽራዋ ቤተሰብ ቀና ብሎ እንዲያየን፥ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ሲያገኘን «አለፈለት» እንዲል ነው። እንግዲህ በወር 25,500 ብር የምንገዛው ይህን ነው። በዓለም ላይ ያሉ ሰዎች ይህን እንዴት እንደሚያዩት ስንመለከት ሁለት ነገር አገኘን። ላንድክሩዘርንና ሌክሰስን ሠርታ ለዓለም የምትሸጠው ጃፓን ለራሷ ሰዎች ኬይ የሚባሉ ጥቃቅን መኪኖችን ትሠራለች። ሞተራቸው ከ660 ሲሲ፥ ርዝመታቸው ከ3 ሜትር ከ40 እንዳይበልጥ ሕግ ይወስናቸዋል፤ ግብራቸውም ቀላል ነው። በዚያ አገር ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ሲሶ ያህሉ እነዚህ ናቸው። ባለጸጋው ጃፓናዊ በ660 ሲሲ ሲሄድ የማያፍር ከሆነ፥ የእኛ ኀፍረት ከየት መጣ?

ሁለተኛው የኡራጓይ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሆሴ ሙሂካ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 አገራቸውን ሲመሩ የሚነዱት የ1987 ሥሪት ቮልስዋገን ነበር፤ በእኛ አገር ቮልስ የምንላት ያች ጀርባዋ ጎባጣ መኪና ናት። መምህሮቻችን ሳይወድዷት አይቀሩም፤ ብዙዎቹ በእርሷ ነው መንዳት የተማሩት። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ሥሪቷ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሙሂካ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲያርፉ ዓለም ሁሉ አዘነላቸው፤ መኪናቸው ትንሽ በመሆኗ ክብራቸው አንድም አልጎደለም።

ነገሩ የግል ኪስ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለንም አንድ ነገር እንጨምር። አገራችን የምታነደውን ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ በዶላር ትገዛለች። በአንድ ሰው ትርፍ ጉልበት የሚነደው ነዳጅ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ የሚሆን ምንዛሬ ነው። የነዳጅ ዋጋ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ ታሪካችን ይመሰክራል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው እንደ ነበርና ያ ወር ምን ይዞ እንደ መጣ ሁላችንም ተምረናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ከዚሁ ከምንዛሬው ጭንቅ ጋር የተያያዘ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛው ኃይላችን ከውኃ ስለሚገኝ የመጀመሪያውን ቀለብ በእጅጉ ያቀልላል። ነገር ግን ጎማው፥ መድኑ፥ ታስሮ የሚቀመጠው ገንዘብ አሉ፤ የባትሪውም ነገር አለ። በኤሌክትሪክም ቢሆን ትልቅና ትንሽ ይኖራል፤ ምኞታችን ካልተለወጠ የነዳጅ ማደያውን ትተን በአዲስ መንገድ ወደዚያው ዕዳ እንመለሳለን።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተናዘዝንላችሁ ነገር እንመለስ። ሒሳቡን ስንጨርስ ከእኛ አንዱ በወረቀቱ ግርጌ የራሳችንን ደመወዝ ጻፈ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ የዲግሪ ተመራቂ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሎአል። ትልቁ መኪና በነዳጅ ብቻ 15,000 ብር ይበላል፤ ደመወዛችንን ጨርሶ 3,500 ብር ያበድረናል ማለት ነው። እርሱስ ይሁን። ነገር ግን ትንሿስ? 7,000 ብር በልታ 4,500 ብር ትተውልናለች። ከእርሱ ላይ ግብር ይነሣል፥ የቤት ኪራይ ይከፈላል፥ ይበላል፥ ለእናት ይላካል። በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። አንድ ወር ሙሉ የተከራከርነው ሁለቱም ባልሆኑልን ነገሮች ላይ ነበር።

ካነጋገርናቸው ሁሉ አንድ ሽማግሌ ታክሲ ነጂ ይህን ከእኛ በፊት ዐውቀውት ነበር። «ጋሼ፥ የትኛውን ብንገዛ ይሻላል?» ብለን ስንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ መኪና የሚገዛው ባጠራቀማችሁት ነው፤ የሚነዳው ግን በምታገኙት ነው። መጀመሪያ የምታገኙትን ንገሩኝ» አሉን። ያን ጊዜ መልስ የሰጡን አልመሰለንም ነበር።

ከዚህ በኋላ አምስታችን የተስማማንበትን እንናገርና እንጨርስ። አንደኛ፥ ማናችንም ብንሆን የወር ቀለቡን በወረቀት ጽፈን ከደመወዛችን ጋር ሳናስተያይ መኪና አንገዛም። ሁለተኛ፥ በብድር ትልቅ መኪና አንገዛም፤ ቀን ወጥቶልን ብንገዛም ለሥራችን የሚበቃውን ያህል እንገዛለን። ሦስተኛ፥ ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ በአውቶቡስና በሚኒባስ ስንሄድ አናፍርም፤ ይልቁንም ብዙዎች የምንሄድበት አውቶቡስ በጊዜው እንዲመጣና እንዲበቃ የተማርነውን ትምህርት ብናውልበት ይሻላል። አራተኛ፥ ይህም ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ጓደኛችንን ስናገኘው «ምን ትነዳለህ?» ብለን አንጠይቅም። እኛ መጠየቁን ካላቆምን ሌላው መበደሩን አያቆምምና።

ያ በሸራ የተሸፈነው መኪና አሁንም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ወንድማችን ሊሸጠው ወስኖአል፤ ደላላም አምጥቶ አሳይቶአል። ሲሸጥ ዕዳውን ከፍሎ የሚተርፈው ካለ፥ በመጀመሪያ ለእናቱ ለቤተ ክርስቲያን መንገድ የሚሆን ጥሩ ጫማ ሊገዛላቸው እንዳሰበ ነግሮናል።

 አሁን ጥያቄም ተቃውሞም ለመቀበል ዝግጁዎች ነን፤ ላንድክሩዘር ያላችሁ መምህሮቻችን ግን እባካችሁ ውጤታችን ከተለጠፈ በኋላ ተቃወሙን።